አረሩን አጥብቆ የሚይዘው ክሪምፑ አይደለም

ጥይት በእጃቸው ከሚሞሉ ወዳጆቼ አንድ ጥያቄ እየተመላለሰ ይመጣል። «አረሩ ላላ አለብኝ፤ ክሪምፑን ትንሽ ላጥብቀው?» አረር ተኩሱ የሚወረውረው የጥይቱ ጫፍ፣ ቀለህ ባሩዱን የሚይዘው የናስ ቱቦ፣ ክሪምፕ ደግሞ መጨረሻ ላይ የቀለሁን አፍ ወደ አረሩ መጨመቅ ነው። መልሴ ሁሌም ያው ነው። አታጥብቀው። ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ክሪምፑን ባጠበቅከው ቁጥር አረሩ ይብሱን ይላላል።

ጥርጣሬያቸው ይገባኛል። አንድ ነገር ከላላ ይጠበቃል፤ የማንም ሰው የመጀመሪያ ሐሳብ ይሄ ነው። ናስና እርሳስ ግን የየራሳቸው ጠባይ አላቸው። ያንን ጠባይ ሳያውቁ የፕሬሱን፣ የጥይት መሙያ መሣሪያውን፣ እጀታ መሳብ ያስፈራኛል። በሽጉጥ ጥይት ሥራ ውስጥ ካሉት አደጋዎች ሁሉ ሳይታይ ሾልኮ የሚያልፈው ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ። ባሩድ እጥፍ ቢገባ ቀለሁ ውስጥ አጎንብሳችሁ ታዩታላችሁ። ፕራይመር፣ ግርጌው ላይ ያለው ባሩዱን የሚያቀጣጥለው፣ ተገልብጦ ቢተከል ገና ስትዳስሱት ጣታችሁ ይነግራችኋል። የላላ አረር ግን ሳጥኑ ውስጥ ከሌሎቹ ጋር ተሰልፎ፣ እያብረቀረቀ፣ ምንም ሳይመስል ይቀመጣል።

ወደ ነገሩ ከመግባቴ በፊት አንድ ማሳሰቢያ። ስንት ግሬን (የባሩድና የአረር ክብደት መለኪያ ነው) ባሩድ እንደሚገባ የሚናገር ቁጥር እዚህ የለም። ያ ቁጥር የሚወሰደው ከባሩዱ አምራች መመሪያ ብቻ ነው። ከጓደኛ አይወሰድም፤ ከእኔም አይወሰድም። የምጽፈውም ሥራው በሕግ በተፈቀደበት ቦታ፣ ለዒላማ ተኩስ፣ በራሳቸው ሽጉጥ የሚተኩሱትን ጥይት ለሚሞሉ ሰዎች ነው።

የሽጉጥ ቀለህ እንደ ጠመንጃ ቀለህ ትከሻና ቀጭን አንገት የለውም። ቀጥ ያለ ቱቦ ነው። 9 ሚሊ ሜትሩ ወደ አፉ ትንሽ ይጠባል እንጂ እሱም ትከሻ የለውም። አንገት የምንለው ከአፉ ጀምሮ አረሩ የተቀመጠበትን አምስት ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። አረሩ የሚያዘው እዚያ ነው። የአያያዙ ነገር ቀላል ነው። ቀለሁ በውስጥ በኩል ከአረሩ በትንሹ ይጠባል። አረሩ ተገፍቶ ሲገባ ናሱን ይወጥረዋል። ናሱ ወደነበረበት ለመመለስ ይታገልና አረሩን ዙሪያውን ይጨምቀዋል። የመጥረቢያ እጀታ ቀዳዳው ውስጥ ተወጥሮ እንደሚይዘው ማለት ነው። ሙጫ የለ፣ ሚስማር የለ፤ የሚሠራው ጥብቀቱ ብቻ ነው።

«በትንሹ» ያልኩትን በቁጥር ላስቀምጠው። መዳብ የለበሰ የ9 ሚሊ ሜትር ሉገር አረር 0.355 ኢንች ይወፍራል፤ በሚሊ ሜትር 9.02 ነው። የቀለሁ የውስጥ ስፋት ከዚያ በ0.05 እስከ 0.08 ሚሊ ሜትር ቢያንስ ደስ ይለኛል። ከዚህ በላይ ማጥበብ ያን ያህል አይጠቅምም። ናስ ተወጥሮ የሚመለሰው እስከ አንድ ልክ ድረስ ነው። ልኩን ካለፈ ተለጥጦ እዚያው ይቀራል። ትርፍ የጠበበውን አረሩ ራሱ እያሰፋ ስለሚገባ ድካሙ ከንቱ ነው። ለስላሳ እርሳስ ከሆነ ደግሞ የሚጎዳው አረሩ ይሆናል።

ታዲያ ይህን ጥብቀት የሚሰጠው ፕሬሱ ላይ ከሚታሰሩት ቅርጽ ማውጫዎች፣ ከዳዮቹ፣ የትኛው ነው? የመጀመሪያው። ቀለሁን ወደ ልኩ የሚመልሰው ዳይ። የተተኮሰ ቀለህ የማጉረሻውን፣ ሽጉጡ ውስጥ ጥይቱ የሚገባበትን ክፍል፣ ያህል አብጦ ይወጣል። ይሄ ዳይ ውስጡ ባለው የካርባይድ ቀለበት ጨምቆ ያጠበዋል። ሁለተኛው ዳይ አረሩ ሳይፋቅ እንዲቀመጥ አፉን ከፈት ያደርገዋል። ሦስተኛው አረሩን ይተክላል። ክሪምፕ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ሥራውም ሁለተኛው ዳይ የከፈተውን አፍ መልሶ ቀጥ ማድረግ ነው። ለአውቶማቲክ ሽጉጥ ጥይት ከዚህ ሌላ ሥራ የለውም።

ቀላል ሒሳብ ልስጣችሁ። የቀለሁን ግድግዳ ውፍረት በሁለት አባዙትና የአረሩን ውፍረት ደምሩበት። ግድግዳው አፉ አካባቢ 0.28 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ ሁለቱ 0.56፤ በ9.02 ላይ ሲደመር 9.58 ይመጣል። ያለቀለት ጥይት አፉ ላይ በካሊፐር፣ በውፍረት መለኪያው፣ ሲለካ 9.58 ወይም 9.60 ካነበበ ናሱ አረሩ ላይ ተኝቷል ማለት ነው። ሳሚ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1926 የተመሠረተው የአሜሪካ የጥይትና የጦር መሣሪያ አምራቾች የደረጃ ተቋም ለዚህ ቦታ ያስቀመጠው ጣሪያ 0.380 ኢንች ነው፤ 9.65 ሚሊ ሜትር መሆኑ ነው። ካሊፐሩ ከ9.55 በታች እየወረደ ከሄደ ግን አፉን እየዘጋችሁ አይደለም። አረሩን እየቆነጠጣችሁት ነው።

መቆንጠጡ ለምን እንደሚያላላ አሁን ግልጽ ይሆናል። ናስ ሲጨመቅ ትንሽ ተመልሶ ይከፈታል። እርሳስ ሲጨመቅ በተጨመቀበት ይቀራል። መዳብ የለበሰውም ውስጡ እርሳስ ስለሆነ እንደዚያው ነው። ስለዚህ ዳዩ ሁለቱንም አብሮ ይጨምቃል፤ እጀታው ሲመለስ ናሱ ይከፈታል፤ አረሩ ቀጥኖ ይቀራል። መሐላቸው ክፍተት ተፈጠረ ማለት ነው። በዚያ ላይ አፉ በኃይል ሲጨመቅ ከሥሩ ያለው ናስ ወደ ውጭ ያብጥና አረሩን ይለቀዋል። መጀመሪያ የነበረው ጥሩ ጥብቀት በገዛ እጃችን ጠፋ።

አንድ ጎበዝ ልጅ አለ፤ ሥራውን የጀመረው በቅርቡ ነው። ቀለም የተቀባ የእርሳስ አረር ይሞላል። ጥይቱን ይዞልኝ መጣና «ጋሼ፣ ሩብ ዙር ጨመርኩለት፤ ግን አሁንም ይገባል» አለኝ። አንዱን ጥይት አፍንጫውን የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አስደግፌ በሁለት አውራ ጣቴ ገፋሁት። ሲንሸራተት በጣቴ ተሰማኝ። አፉን ለካነው፤ 9.45። አረሩን አውጥተን መብራት ሥር አየነው። ወገቡ ላይ ጥልቅ ቀለበት ተቀርጾበታል፤ ቀለሙም ተልጦ ግራጫው እርሳስ ወጥቷል። ካሊፐሩን ቀለበቱ ላይ ስናሳርፈው 8.90 አነበበ። ያ አረር ከሳጥኑ ሲወጣ 9.04 ነበር።

ልጁ ዝም ብሎ ካሊፐሩን ያይ ነበር። ከዚያ የክሪምፕ ዳዩን ወደ ላይ ፈታነው፤ አፉ 9.60 እስኪያነብ። ቀለሁም ያው፣ አረሩም ያው። አዲሱን ጥይት እሱ ራሱ ገፋው። ፊቱ እስኪቀላ ገፋው፤ አልነቃነቅ አለው። እኔ ከማወራለት ይልቅ ያ ግፊያ አሳመነው።

ከመጠን ያለፈ ክሪምፕ ሌላም ጣጣ አለው። 9 ሚሊ ሜትርና ፎርቲ ፋይቭ ኤሲፒ የሚባለው ሌላው የሽጉጥ ጥይት ማጉረሻ ውስጥ የሚቆሙት በቀለሁ አፍ ነው። አፉ ማጉረሻው ጫፍ ላይ ካለችው ትንሽ ደረጃ ጋር ተደግፎ ይቆማል። አፉን ወደ ውስጥ ካጠፋችሁት ደረጃዋን አልፎ ይገባል፤ መርፌው ፕራይመሩን በደንብ ላያገኘው ይችላል። መዳብ የተለበጠ ርካሽ አረር ከሆነ ደግሞ ልባጩ ቀጭን ስለሆነ ክሪምፑ ይቆርጠዋል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። አረር ቢላላ ምን ይሆናል?

ስላይዱ፣ የሽጉጡ ተንሸራታች የላይኛው ክፍል፣ ወደ ፊት ሲወረወር ጥይቱን ከካዝናው አውጥቶ ይገፋዋል። የአረሩ አፍንጫ ወደ ማጉረሻው የሚያወጣውን ተዳፋት፣ መወጣጫውን፣ ይመታል፤ ከዚያ ቀና ብሎ ማጉረሻው ውስጥ ይገባል። ያቺ ምት ቀላል አይደለችም። አረሩ በደንብ ካልተያዘ ወደ ቀለሁ ውስጥ ይሰምጣል። ሲሰምጥ ባሩዱ የሚነድበት ቦታ ይጠባል። ተኳሹ ምንም አያውቅም። ሽጉጡ ጎርሷል፤ ቃታው ዝግጁ ነው።

ምን ያህል ቢሰምጥ ነው የሚያሰጋው? በዚህ ሥራ ላይ ያሉ ሰዎች ደጋግመው የሚጠቅሱት አንድ አረር አምራች ያሳተመው ሙከራ አለ። 28,000 ሲዩፒ ግፊት ይሰጥ የነበረ የ9 ሚሊ ሜትር ጥይት ወሰዱ። ሲዩፒ የድሮው የግፊት መለኪያ ነው፤ ለ9 ሚሊ ሜትር ጣሪያው በዚህ መለኪያ 33,000 ነው። ባሩዱን ሳይነኩ አረሩን ብቻ 0.03 ኢንች አሰመጡት። 0.76 ሚሊ ሜትር፤ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ግፊቱ 62,000 ገባ።

ይሄን ቁጥር መጀመሪያ ያነበበ ሰው ማመን ያቅተዋል። እስኪ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ባዶ የ9 ሚሊ ሜትር ቀለህ ከ0.9 ሚሊ ሊትር ያነሰ ነው የሚይዘው። አረሩ ከተተከለ በኋላ ለባሩዱ የሚቀረው ግማሽ ሚሊ ሊትር አካባቢ ነው። ዘጠኝ ሚሊ ሜትር የሚወፍር አረር 0.76 ሚሊ ሜትር ሲገባ 0.05 ሚሊ ሊትር ገደማ ይወስዳል። ከቀረችው ቦታ አንድ አስረኛዋ ሄደች ማለት ነው። ቦታው በአንድ አስረኛ ሲቀንስ ግፊቱ ለምን በእጥፍ አለፈ? መልሱ ባሩዱ ውስጥ ነው። ጭስ አልባ ባሩድ የሚነድበት ፍጥነት ቋሚ አይደለም። ግፊት ሲጨምር ቶሎ ይነዳል፤ ቶሎ ሲነድ ግፊቱን ይጨምራል፤ ያ ደግሞ መልሶ ያፋጥነዋል። የሽጉጥ ባሩድ በተፈጥሮው ፈጣን ስለሆነ ይሄ መደጋገፍ አረሩ ገና ሳይርቅ ያልቃል።

ሲአይፒ በሚባለው ዓለም አቀፍ ደንብ አዲስ ሽጉጥ ሲፈተሽ ሆን ተብሎ ከጣሪያው 30 በመቶ የበለጠ ግፊት ያለው ጥይት ይተኮስበታል። እዚህ የምናወራው ግን ከጣሪያው ወደ እጥፍ ስለሚጠጋ ነገር ነው። ሁሌ ሽጉጡ ይፈነዳል አልልም። ጥሩ ሽጉጥ ብዙ ይችላል። ቀድሞ እጅ የሚሰጠው ናሱ ነው። በብዙ ሽጉጦች መወጣጫው ባለበት በኩል ከቀለሁ ግርጌ ትንሽዋ ክፍል ብረት አይሸፍናትም። ግፊቱ ሲያይል ናሱ እዚያ ላይ ይቀደዳል። የጋለው ጋዝ በካዝናው በኩል ወደ ታች ይወጣል፤ ካዝናውን ወርውሮ ይጥላል፤ እጀታውን ይሰነጥቃል። እጀታውን የያዘው የእናንተ እጅ ነው። መነጽር ሳያደርጉ መተኮስን የማልታገሠውም ለዚህ ነው።

ጥይቶች በዚህ እኩል አይደሉም። ፎርቲ ፋይቭ ኤሲፒ ጣሪያው በአዲሱ የግፊት መለኪያ 21,000 ፒኤስአይ ነው፤ ቀለሁም ሰፊ ነው፤ ትንሽ ይታገሣል። 9 ሚሊ ሜትር 35,000 ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው ፎርቲ ኤስ ኤንድ ደብልዩም ጣሪያው ያው 35,000 ነው፤ ባለ 180 ግሬን ከባድ አረር ሲሞላበት ደግሞ ውስጡ የሚቀረው ቦታ ጥቂት ነው። ፎርቲ የሚሞላ ሰው ከሁላችንም በላይ ይጠንቀቅ።

ምርመራው ቀላል ነው፤ ገንዘብም አያስወጣም። አዲስ ዓይነት ቀለህ፣ አዲስ አረር ወይም አዲስ ዳይ በጀመርኩ ቁጥር መጀመሪያ ባሩድም ፕራይመርም የሌላቸው የሙከራ ጥይቶች እሠራለሁ። የፕራይመሩ ቦታ ባዶ መሆኑ ከኋላ ስለሚታይ ከእውነተኛው ጋር አይምታቱም። ርዝመታቸውን እለካና ጎናቸው ላይ በማርከር እጽፋለሁ። ከዚያ አፍንጫውን የሰው ክብደት መለኪያ ሚዛን ላይ አሳርፌ ሚዛኑ 15 ኪሎ እስኪያሳይ ወደ ታች እጫናለሁ። መልሼ እለካለሁ። መነቃነቅ የለበትም። አሥረኛ ሚሊ ሜትር ከገባ እኔ አልቀበለውም።

ከሚዛኑ የሚበልጠው ግን ሽጉጡ ራሱ ነው። እውነተኛ ጥይት በሙሉ ከክፍሉ ይወጣል፤ ይሄ ድርድር የለውም። የሙከራውን ጥይት ካዝና ውስጥ አስገብቼ ስላይዱን ከኋላ እለቀዋለሁ። በእጄ እየያዝኩ አላወርደውም፤ ስፕሪንጉ በሙሉ ኃይሉ ይምታው። አውጥቼ እለካለሁ። አንዱን ጥይት እየደጋገምኩ አጎርሰዋለሁ፤ በየመሐሉ እለካለሁ። ጥሩ ጥብቀት ያለው ጥይት ደጋግሞ ቢመታም ቦታውን አይለቅም። ደካማው በመጀመሪያው ምት ራሱን ያጋልጣል። አፈሙዙን ፈትቶ ጥይቱ ማጉረሻው ውስጥ በራሱ ክብደት ጠብ ብሎ መግባቱንና በጣት ሲሽከረከር መዞሩን ማየትም አለ፤ እሱ ግን የሚናገረው ስለ ስፋትና ርዝመት ነው። ስለ ጥብቀት ምንም አይነግራችሁም። ሁለቱን የሚያምታቱ ሰዎች አጋጥመውኛል።

የዓይንም ምልክት አለው። በደንብ የጠበቀ ጥይት ብርሃን ላይ ስታዞሩት አረሩ የሚያልቅበት ቦታ በናሱ ላይ ይታያል። ከላይ ትንሽ ሞላ፣ ከሥር ሸንቀጥ ይላል። ለአዲስ ሰው ጉድለት ይመስለዋል። እኔ ሳየው ደስ ይለኛል። ከአፍ እስከ ግርጌ አንድ ወጥ የሆነ፣ ምንም ወገብ የሌለው ጥይት ካየሁ ነው ካሊፐር የማነሳው።

ላልቶ ከተገኘስ? እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ማስፊያ ዘንጓን ነው። ሁለተኛው ዳይ ውስጥ ያለችው ዘንግ ነች ቀለሁ ከጠበበ በኋላ የመጨረሻውን የውስጥ ስፋት የምትወስነው። ለመዳብ አረር የተሠራችው 8.94 እስከ 8.97 ሚሊ ሜትር ገደማ ትሆናለች። ለእርሳስ አረር የተሠራችው ሆን ተብሎ ትወፍራለች፤ እርሳሱ እንዳይጨመቅ። የእርሳሱን ዘንግ ሳይቀይሩ መዳብ የለበሰ አረር የሞሉ ሰዎች ጥብቀት ቢያጡ አይገርምም። ዘንጓን አውጥቶ መለካት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ከዚያ የመጀመሪያው ዳይ በበቂ ወርዶ እንደሆነ አያለሁ። አረሩ ከተቀመጠበት በታች ድረስ ቀለሁን ካላጠበበ ግማሽ ሥራ ነው የሠራው። አፉን ከሚገባው በላይ መክፈትም አለ። አረሩ ሳይወድቅ እንዲቆም ያህል ከተከፈተ በቂ ነው፤ እንደ ጥሩምባ ከተከፈተ ጥልቀት ድረስ ይሰፋል፤ ናሱም ቶሎ ይሰነጠቃል።

ዳዮቹ ደህና ከሆኑ ቀለሁ ራሱ ነው የሚቀረው፤ እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሸነፈው። ከተኩስ ሜዳ የተለቀመ ቀለህ ድብልቅ ነው። የአንዱ ፋብሪካ ግድግዳ ወፍራም፣ የሌላው ስስ ነው። ዳዩ ከውጭ በኩል እኩል ያጠባቸዋል፤ ውስጣቸው ግን እኩል አይመጣም። ስሱ ከውስጥ ሰፋ ብሎ ይቀራል። በአንድ የዳይ ልክ አንዱ ቀለህ ጥሩ ሲይዝ ጎረቤቱ የሚለቀው ለዚህ ነው። ስለዚህ ግርጌው ላይ የታተመውን ምልክት እያየሁ እለያቸዋለሁ። አሰልቺ ሥራ ነው። ስሱን ቀለህ እንጣለው የማይሉ ሰዎች አንድ ሺኛ ኢንች ያህል አጥብቦ የሚሠራ ዳይ ገዝተው ይጠቀማሉ፤ እሱም ይሠራል።

ዕድሜም አለ። ናስ በተጠበበና በተለጠጠ ቁጥር ይጠነክራል። ጠንካራ ናስ ይሻላል ብሎ የሚያስብ አለ፤ ተቃራኒው ነው። የጠነከረ ናስ ዳዩ ሲለቀው ይበልጥ ተመልሶ ይከፈታል፤ ስለዚህ ከአዲሱ ቀለህ ሰፋ ብሎ ይወጣል። መጨረሻ ላይ አፉ ላይ ቀጭን ስንጥቅ ያወጣል። የተሰነጠቀ ቀለህ አረር አይዝም፤ ያለ ምንም ክርክር ወደ ቁርጥራጭ ናስ ሳጥን። ስንጥቁን በጆሮ ማግኘት ይቻላል። ባዶ ቀለሆችን በእጅ መዳፍ ይዛችሁ ስታንቀጫቅሏቸው ጤነኞቹ ይጮኻሉ፤ የተሰነጠቀው ድምፁ የታፈነ ነው። የጠነከረውን ናስ በእሳት ለማለስለስ የሚሞክሩም አሉ። በሽጉጥ ቀለህ አትሞክሩት። ቀለሁ አጭር ስለሆነ ሙቀቱ ግርጌው ድረስ ይወርዳል፤ ግርጌው ከለሰለሰ ደግሞ ግፊቱን የሚችል ነገር የለም።

ቅባትም እዚህ ውስጥ አለ። ቀለሁን ለማጥበብ የረጨነው ቅባት አፉ ውስጥ ከገባ አረሩን ያንሸራትተዋል። ያለቀለትን ጥይት ከሳጥን ከመክተቴ በፊት ሳይሆን አረር ከመትከሌ በፊት ነው ቅባቱን የማጸዳው።

ሞልቶ ያስቀመጠውን ጥይት በየቀኑ የሚያጎርስና የሚያወጣ ሰው ካለ አንድ ምክር አለኝ። የፋብሪካ ጥይትም ቢሆን ያው ነው። አንድን ጥይት ደጋግማችሁ አታጉርሱ። በየምቱ ጥቂት ጥቂት ሊሰምጥ ይችላል። ከሳጥኑ ካልተነካ ጥይት ጋር ጠረጴዛ ላይ አጠገብ ለአጠገብ አቁሙትና ዓይናችሁን ዝቅ አድርጋችሁ ተመልከቱ። ካጠረ አይተኮስም። አንዳንድ ፋብሪካዎች ከአረሩ መቀመጫ ሥር ቀለሁ ላይ ቀለበት የሚጫኑት ለዚሁ ነው፤ አረሩ እንዳይሰምጥ ከሥር እንዲደግፈው። እኛ ስንሞላው ግን ያ ቀለበት በመተኮሱና በዳዩ ተዳምጦ ጠፍቷል፤ አትተማመኑበት።

ርዝመትን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። መመሪያው ላይ የተጻፈው ርዝመት ለዚያ አረር ብቻ ነው። ጠቅላላ ርዝመቱ እኩል ሆኖ ሁለት አረሮች ቀለሁ ውስጥ የሚይዙት ቦታ ሊለያይ ይችላል፤ አንዱ አፍንጫው አጭርና ደንዳና፣ ሌላው ሹል ስለሆነ። የአረሩን ርዝመትና የቀለሁን ርዝመት ደምራችሁ ጠቅላላውን ስትቀንሱበት አረሩ የገባበትን ጥልቀት ታገኛላችሁ። 15.2 ሲደመር 19.1፣ ሲቀነስ 29.2፣ 5.1 ሚሊ ሜትር። አረር በቀየርኩ ቁጥር ይህችን ሒሳብ ደብተሬ ላይ እጽፋታለሁ። ጥልቀቱ ከበፊቱ ከጨመረ ባሩዱን ከመመሪያው ዝቅተኛ ልክ ጀምሬ ነው የምሠራው።

ሪቮልቨር የሚተኩሱ ወዳጆቼ «ክሪምፕ አያስፈልግም አልክ» ብለው እንዳይቀየሙኝ። የእነሱ ነገር ሌላ ነው። ሪቮልቨር ውስጥ አረሩን የሚመታው መወጣጫ የለም። ሽጉጡ ሲያፈገፍግ ቀለሁ አብሮት ወደ ኋላ ይሄዳል፤ አረሩ ግን ክብደቱ እዚያው ያስቀረዋል። ስለዚህ የሚሰጉት መስመጥን ሳይሆን መውጣትን ነው። አረሩ ወጥቶ ከሲሊንደሩ ፊት ከተሻገረ ሲሊንደሩ አይዞርም። ቀላል ሽጉጥ ላይ ከባድ ማግነም ሲሆን ይብሳል። ለዚህ ነው የሪቮልቨር አረር ወገቡ ላይ ቦይ ያለው፤ የቀለሁ አፍ እዚያ ቦይ ውስጥ ታጥፎ ይገባል። ቀለሁም የሚቆመው በግርጌው ከንፈር ስለሆነ የአፉ መታጠፍ አያሳስብም። ቀስ ብሎ የሚነድ የማግነም ባሩድም አረሩ ትንሽ ካልተቋቋመው በደንብ አይነድም። ቢሆንም መሠረቱ ያው ነው፤ ቀለሁ ቀድሞ ካልጠበበ መታጠፉ ብቻውን አይበቃም። ምርመራውም ቀላል ነው። ሲሊንደሩን ሙሉ፤ የአንዱን ጥይት ርዝመት ለኩና ምልክት አድርጉበት፤ ሌሎቹን ተኩሳችሁ እሱን አውጥታችሁ መልሳችሁ ለኩ።

በምርመራው የወደቀ ጥይት እኔ ጋ ዳግም ወደ ፕሬሱ አይሄድም፤ ይፈታል። መዶሻ በሚመስለው የአረር ማውጫ፣ መነጽር አድርጌ፣ ጠንካራ እንጨት ላይ እመታዋለሁ። ለመያዣው ከራሱ ጋር የመጣውን ማቀፊያ ነው የምጠቀመው፤ የፕሬሱን ማቀፊያ በዚያ ቦታ አልጠቀምም፤ ፕራይመር ሊያስነሳ ይችላል። አረሩ ወገቡ ካልተቆነጠጠና ውፍረቱ ልክ ከሆነ ይቀመጣል። ባሩዱ ወደ ዋናው ጣሳ አይመለስም፤ ምን ተቀላቅሎበት እንደሆነ እርግጠኛ መሆን አይቻልም። ቀለሁ ምልክቱ ታይቶ ወደየዘመዱ ይሄዳል። ከዚያ ማስፊያ ዘንጓን አወጣና እለካለሁ።